የጁሙዓ ማስታወሻ፦ የጠፋው ከሰል የት ሄደ?

 

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ዲላ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ከማስጠናቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንዷ ስለ ከሰል ጠየቀችኝ። እናቷ ለቡና ማንደጃው ሙሉ ከሰል ታቀጣጥላለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሲያበቃ ማንደጃው ውስጥ የሚቀረው አንድ እፍኝ የማይሞላ አመድ ነው። የቀረው የት ሄደ? ደብተሯ ላይ የገለበጠችው ኢኩዌሽን ደግሞ የግራውና የቀኙ እኩል መሆን አለበት ይላል። ከሰሉ ዓይኗ እያየ ጠፍቶ ሳለ እኩል የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? አጠገቧ የነበሩት ሳቁባት። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ይህ ጥያቄ ከ250 ዓመት በፊት የአውሮፓን ትልልቅ ሊቃውንት አሳስቷቸው ነበርና።

ጥያቄውን በሚዛን የመለሰው ሰው አንቷን ላቯዚዬ ይባላል። የዛሬው ማስታወሻችን የእሱ ሕይወት ነው። ፈረንሳዊ ነው፤ ሙስሊም አልነበረም። ገሚሶቻችሁ ጃቢር ኢብኑ ሐያንን ትጠብቁ እንደነበር አውቃለሁ። ኬሚስትሪ የሚለው ስም ራሱ ከዐረብኛው አል-ኪሚያእ የመጣ ነውና ጉጉታችሁ ይገባኛል። ነገር ግን በጃቢር ስም ከሚጠሩት መጻሕፍት የትኞቹን ማን እንደጻፋቸው የታሪክ ሰዎች እስካሁን ይከራከራሉ። እኛ ደግሞ ያልተጣራ ወሬ ማውራት የለብንም። ስለዚህ እሱ ሌላ ቀን ይጠብቀን።

ላቯዚዬ የተወለደው በ1743 ፓሪስ ውስጥ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። አባቱ የሕግ ሰው ነበር፤ እናቱ የሞተችው ገና በአምስት ዓመቱ ነው። ያሳደገችው አክስቱ ናት። እንደ አባቱ ሕግ ተማረ፣ በ1764 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሕግ እየተማረ በጎን የኬሚስትሪና የድንጋይ ጥናት መምህራንን እግር በእግር ይከተል ነበር። ከእናንተ መካከል ቤተሰብ የመረጠለትን የትምህርት ክፍል እየተማረ በስልኩ ሌላ ነገር የሚያጠና ካለ ይህን ልጅ ያውቀዋል።

የመጀመሪያ ሥራውን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው በ1765፣ በ21 ዓመቱ ነው። ርዕሱ ጄሶ ነበር፤ እጁ የተሰበረ ሰው ሆስፒታል ሄዶ የሚታሰርለት ያው ነጭ ጄሶ። የጄሶ ድንጋይ ሲጋገር በቀላሉ የሚደቅ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ በውሃ ሲለወስ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ለምን? ላቯዚዬ ድንጋዩ ሲሞቅ የሚወጣውን ውሃ ሰብስቦ መዘነው። ዱቄቱ ሲጠነክር መልሶ የሚወስደውም ውሃ መሆኑን አሳየ። ነገሩ ሁሉ የውሃ መውጣትና መግባት ነበር። የተራቀቀ አይመስልም። ግን ልብ በሉ፦ ሌላው ሰው ቀለሙንና ሽታውን እያየ ሲፈላሰፍ ይህ ልጅ ሚዛን ላይ ነው ያስቀመጠው። እስኪሞት ድረስ የሠራው ይህንኑ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሚዛንን የእውቀት መሣሪያ ማድረግ ለእኛ ታሪክ እንግዳ አይደለም። አል-ኻዚኒ የሚባሉ፣ ከባርነት ተነሥተው ሊቅ የሆኑ የመርው ከተማ ሰው በ1121 አካባቢ ሚዛን አል-ሒክማ የተባለ መጽሐፍ ጽፈዋል። ንጹሕ ወርቅን ከተቀላቀለው አየር ላይና ውሃ ውስጥ በመመዘን እንዴት እንደሚለዩ ያስረዳሉ። ላቯዚዬ የጨመረው ሌላ ነገር ነው። ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ለውጡን መዘነ፤ ከለውጡ በፊትም በኋላም፣ የሚታየውንም የማይታየውንም።

ያን ጊዜ ውሃ በተደጋጋሚ ሲፈላ ወደ አፈር ይለወጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ማስረጃውም ነበራቸው፤ ንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ ብታፈሉ ዕቃው ሥር ደለል ይቀራል። ላቯዚዬ በ1768 ውሃ አንድ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ከተተ። እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ እዚያው ተመልሶ የሚወርድበት፣ ምንም የማያፈስ ዕቃ ነው። ዕቃውን ባዶውን መዘነ፣ ውሃውን መዘነ፣ አተመው፣ 101 ቀን አሞቀው። ሦስት ወር ከምናምን እሳት መጠበቅ ማለት ነው። በመጨረሻ ደለሉ ታየ። ጠቅላላውን ሲመዝን ምንም አልተለወጠም። ውሃው እንዳለ ነው። የቀነሰው ዕቃው ነው፤ የቀነሰውም ከሞላ ጎደል በደለሉ ልክ ነው። አፈር የተባለው ከመስታወቱ እየሟሟ የወጣ ነበር። ለብዙ ዘመን የቆየ እምነት በሦስት ምዘና ወደቀ።

በዚያው በ1768 ሁለት ነገር ሆነ፤ ሁለቱንም ያዙልኝ። በ24 ዓመቱ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ። እንዲሁም ከእናቱ ወገን በወረሰው ገንዘብ ፌርም ዠኔራል ከሚባለው ድርጅት ድርሻ ገዛ። ይህ ድርጅት የባለጸጎች ማኅበር ነው። ለንጉሡ ገንዘብ አስቀድሞ ይከፍልና በጨው፣ በትንባሆ፣ ወደ ከተማ በሚገባ ዕቃ ላይ ያለውን ግብር ከሕዝቡ ራሱ ይሰበስባል። የከፈለውን አስመልሶ የሚተርፈው የራሱ ነው። እንዲህ ያለ አሠራር የት እንደሚያደርስ መገመት አይከብድም። ሕዝቡ የድርጅቱን ስም ሲሰማ ፊቱ ይጠቁር ነበር። ላቯዚዬ በአውሮፓ አሉ ከተባሉት ሁሉ የረቀቁ ሚዛኖችን ያሠራው ከዚህ ድርጅት ባገኘው ገንዘብ ነው።

በ1771 የድርጅቱን ባልደረባ ልጅ ማሪ-አንን አገባ። እሱ 28፣ እሷ 13 ዓመቷ ነበር። ዛሬ ሰባተኛ ክፍል የምትቀመጥ ልጅ ናት፤ የዚያ ዘመን ባለጸጎች ልማድ ነውና ልማዱን ውሰዱ ብዬ አይደለም የምነግራችሁ። የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ ለሆነችው ነገር ነው። እንግሊዝኛ ተማረች፤ ባሏ እንግሊዝኛ አያነብም ነበርና የእንግሊዝ ኬሚስቶችን ጽሑፍ እየተረጎመች አቀረበችለት። ሥዕል ተማረችና የትልቁን መጽሐፉን የመሣሪያ ሥዕሎች ሁሉ ሠራች። ቤተ ሙከራው ውስጥ ውጤት የምትመዘግበው እሷ ነበረች። እሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3፣ ማታ ደግሞ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ለሳይንስ ይሠራል፤ መካከሉን ለመንግሥትና ለድርጅቱ ሥራ። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ግን ወጣቶችን ሰብስቦ ሙከራ ብቻ የሚሠራበት ነበር። ከሳምንቱ ሁሉ የሚወደው ያን ቀን ነበር ይባላል።

አሁን ወደ ከሰሉ እንመለስ።

በዘመኑ ኬሚስቶች ሁሉ ያመኑበት ትምህርት ፍሎጂስተን ይባል ነበር። የሚነድ ነገር ሁሉ ውስጡ ፍሎጂስተን የሚባል ረቂቅ ነገር አለው፤ ሲነድ ያ ነገር ይወጣል፤ የሚቀረው አመድ ነው። እንደ ተማሪዬ ማንደጃውን ብቻ ለሚያይ ሰው ፍጹም አሳማኝ ነው። ከሰሉ ነደደ፣ አንድ ነገር ወጣ፣ ቀለለ። ችግሩ ብረታ ብረት ላይ ነበር። ቆርቆሮ ወይም እርሳስ አየር ላይ በኃይል ሲሞቅ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ ግን ከመጀመሪያው ይከብዳል። አንድ ነገር ወጥቶለት እንዴት ይከብዳል? ፍሎጂስተን ክብደቱ ከዜሮ በታች ነው እስከማለት የደረሱ ነበሩ። ሰው የያዘውን ሐሳብ ላለመልቀቅ ስንት ይደክማል፣ ሱብሐነላህ።

ላቯዚዬ በ1772 ድኝና ፎስፎረስ ሲነዱም ክብደት እንደሚጨምሩ አየ። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ብሎ ማስታወሻውን በታተመ ፖስታ ለአካዳሚው አስረከበ። በ1774 ደግሞ ቆርቆሮ በታሸገ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አሞቀ። ቆርቆሮው ከላዩ ወደ ዱቄት ተለወጠ። ዕቃው እንደታሸገ ሲመዘን ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። አፉ ሲከፈት ግን አየር ፉጭ ብሎ ገባ፤ ያን ጊዜ ክብደቱ ጨመረ። ስለዚህ ብረቱን ያከበደው ዕቃው ውስጥ የነበረው አየር ነው፤ ብረቱ አየሩን በልቶት ባዶ ቦታ ተፈጥሮ ነበር።

ግን የትኛው አየር? መልሱ የመጣው በእራት ገበታ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በነሐሴ 1774 ከቀይ የሜርኩሪ ዱቄት ላይ ሻማን ቦግ የሚያደርግ አየር አውጥቶ ነበር። በጥቅምት ፓሪስ መጥቶ ላቯዚዬ ቤት ሲጋበዝ ይህንን ነገራቸው። ሼሌ የሚባል ስዊድናዊ የመድኃኒት ቀማሚ ደግሞ ያንኑ አየር ከፕሪስትሊ በፊት አግኝቶት ነበር፤ በዚያው ዓመት ለላቯዚዬ ደብዳቤ ጽፏል። ላቯዚዬ ግን ሥራውን ሲያሳትም ለሁለቱም የሚገባቸውን ምስጋና አልሰጠም። መድረሳ የተቀመጠ ሰው ይህ ቅር ይለዋል። እኛ ዘንድ እውቀት ሲነገር ከማን እንደተሰማ ይነገራል፤ ኢስናድ የምንለው ለዚህ ነው። ሰውዬው በግራም ሺኛ ይመዝን ነበር፣ እዚህ ላይ ግን ሚዛኑ ተዛብቷል።

ሆኖም ያንን አየር ምን እንደሆነ የተረዳው እሱ ነው። ሜርኩሪ በአየር ውስጥ 12 ቀን አሞቀ (እናንተ እንዳትሞክሩት፤ የሜርኩሪ ትነት መርዝ ነው)። ቀይ ዱቄት ላዩ ላይ ተሠራ፣ አየሩም በስድስት እጅ አንድ ያህል ቀነሰ። የቀረው አየር ሻማ ያጠፋል። ከዚያ ዱቄቱን ለብቻው አብልጦ አሞቀው። በዘመኑ መለኪያ 45 ግሬን ዱቄት ነበር፤ 41 ከግማሽ ግሬን ሜርኩሪ መለሰለት። የጎደለችው 3 ከግማሽ ግሬን ሻማ የሚያበራው አየር ሆና ወጣች። ያንን አየር ኦክስጅን ብሎ ሰየመው።

እንግዲህ የተማሪዬ መልስ ይኸውላችሁ። ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። ሲነድ አንድ ነገር አውጥቶ አያልቅም፤ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይያያዛል፦

ካርቦን + ኦክስጅን → ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ከቀስቱ በስተግራ ያሉት ሪአክታንት ይባላሉ፣ ወደ ለውጡ የሚገቡት ናቸው። በስተቀኝ ያለው ፕሮዳክት ነው፣ የሚወጣው። 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክስጅን ይዞ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። እዩት፤ ከሰሉ አልጠፋም፣ እንዲያውም ከራሱ ከሦስት እጥፍ በላይ የሚከብድ ነገር ሆኖ በመስኮት ወጥቷል። አመዱ መጀመሪያም የማይነድ የነበረው ማዕድን ነው። የደጃችሁ ምስማር ሲዝግም ያው ነው። ውሃውን ለጊዜው ብንተወው 112 ግራም ብረት 48 ግራም ኦክስጅን ይይዝና 160 ግራም ዝገት ይሆናል። አንዱ ለውጥ ፈጣን፣ አንዱ ቀርፋፋ ነው፤ ሒሳቡ ግን አንድ ነው።

ባላንስ ማድረግ የሚባለው፣ ፈተና ላይ ብዙዎቻችሁን የሚያስለቅሰው፣ ከዚህ ሌላ ምስጢር የለውም። የገባው አተም ሁሉ መውጣት አለበት። ውሃን እንውሰድ። የሃይድሮጅን ሞለኪውል 2 አተም አለው፣ የኦክስጅንም 2። የውሃ ሞለኪውል 2 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን ነው። አንድ ለአንድ ብናገናኝ አንድ የኦክስጅን አተም ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ፦

2 የሃይድሮጅን ሞለኪውል + 1 የኦክስጅን ሞለኪውል → 2 የውሃ ሞለኪውል

ግራ 4 ሃይድሮጅን፣ ቀኝ 4፤ ግራ 2 ኦክስጅን፣ ቀኝ 2። ከፊት ያለውን ቁጥር እንደፈለጋችሁ ቀይሩ፤ በስሙ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ቁጥር ግን አትንኩ። ብዙ ተማሪ እንዲገጥምለት ብሎ ውሃው ላይ አንድ ኦክስጅን ይጨምርበታል። ያ ውሃ መሆኑ ቀረ፤ ቁስል የሚታጠብበትና ጸጉር የሚያነጣው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሆነ። ሒሳቡ እንዲገጥም ተብሎ ዕቃው አይቀየርም።

ውሃ የሁለት ነገሮች ውህድ መሆኑንም በሚዛን ያሳየው ላቯዚዬ ነው። እንግሊዛዊው ካቨንዲሽ ሃይድሮጅን ሲነድ ውሃ እንደሚሰጥ ቀድሞ አይቶ ነበር። ላቯዚዬ በ1783 ደገመው፣ በ1785 ደግሞ በምስክሮች ፊት ውሃን ለየው፣ መልሶም ሠራው። አፈርን፣ ውሃን፣ አየርንና እሳትን የዓለም መሠረት አድርጎ ይቆጥር የነበረው የግሪኮች ትምህርት ከዚያ በኋላ መቆም አልቻለም።

ቆም ብዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1782 እና 83 ክረምት ከላፕላስ ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ። ያቀለጠችውን በረዶና የተነፈሰችውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚነድ ከሰል ጋር አነጻጸረ። ከዚያ የደረሰበት፣ መተንፈስ ማለት ነበልባል የሌለው ዝግ ያለ መንደድ ነው የሚል ነው። እኔም ማንደጃውም አንዱን ኦክስጅን እንሻማለን ማለት ነው። በቡሌና በገደብ ከፍታ ብርድ ሲጸና ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት የምታስገቡ እህትና ወንድሞች፣ ይህንን እንደ ትምህርት ብቻ አትስሙት። በር ሲዘጋ ኦክስጅኑ ያንሳል፤ ሲያንስ ኢኩዌሽኑ ይቀየራል፦

2 ካርቦን + 1 የኦክስጅን ሞለኪውል → 2 ካርቦን ሞኖክሳይድ

ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ጭስ የለውም፣ አያስነጥስም። ደም ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዝበታል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ስላለቀ ደህና ነው የምትሉት ልክ አይደለም። ማንደጃውን አውጡት፣ ብርዱን በጋቢ ቻሉት።

ላቯዚዬ በ1787 ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የኬሚስትሪን ስሞች አስተካከለ። ከዚያ በፊት አንዱ ዕቃ አምስት ስም ነበረው። በ1789 ደግሞ ለጀማሪዎች የተጻፈውን ትልቁን የኬሚስትሪ መጽሐፉን አወጣ። እዚያ ውስጥ ከለውጥ በፊትና በኋላ ያለው ቁስ መጠኑ እኩል መሆኑን በግልጽ አስቀመጠ። ያስቀመጠበት ምዕራፍ ፈገግ ያሰኘኛል። ስለ ወይን ጠጅ መፍላት የሚያወራው ነው! የወይኑ ጭማቂ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱና ከአልኮሉ ጋር እኩል ነው ብሎ ጻፈው። ከመጀመሪያዎቹ ኬሚካዊ ኢኩዌሽኖች አንዱ እኛ ወደማንቀርበው መጠጥ ገንዳ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

የእኛ አካባቢ ልጅ ግን መፍላትን ለማየት ወይን አያስፈልገውም። የቆጮው ጉድጓድ አለለት፤ ይርጋጨፌ፣ ወናጎ ወይም ኮቾሬ ወርዶ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይመልከት። 6 ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ቡና ገብቶ 1 ኪሎ ገደማ የደረቀ ፍሬ ይወጣል። የቀረው 5 ኪሎ የት ሄደ? መፈልፈያው ልጣጩን ይገፋል፤ ይህ መለየት ብቻ ነው፣ ኬሚካዊ ለውጥ አይደለም። ገንዳው ውስጥ ሲያድር ግን ረቂቃን ሕዋሳት ልጥልጡን ሽፋን ይበሉታል፣ አሲድ ይሠራሉ፤ ይህ ሪአክሽን ነው። አልጋ ላይ ሲደርቅ ውሃው ይተናል፤ ውሃው ያው ውሃ ነውና ሪአክሽን አይደለም። እናታችሁ ምጣድ ላይ ስትቆላው ቀለሙም ሽታውም ይቀየራል፤ ሪአክሽን ነው። አንድ ኪሎ ብትቆላ ከ150 እስከ 200 ግራም ይቀንሳል። አልጠፋም፤ ግማሹ የውሃ ትነት፣ ግማሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ያ ጎረቤት የሚጠራ መዓዛ ሆኗል።

ሰውዬው አልተሳሳተም አልልም። ኦክስጅን የሚለው ስም አሲድ ፈጣሪ ማለት ነው። አሲድ ሁሉ ኦክስጅን አለው ብሎ አምኖ ነበር፤ ጨጓራችን ውስጥ ያለው አሲድ ግን ኦክስጅን የለውም። ከዘረዘራቸው 33 መሠረታዊ ነገሮች ውስጥም ብርሃንንና ሙቀትን ቆጥሯል፤ ሁለቱም ሚዛን ላይ የሚቀመጡ ቁስ አይደሉም።

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። እዚህ ላይ ነው ያን ድርጅት ያዙልኝ ያልኳችሁ። በ1780ዎቹ ድርጅቱ ግብር ሳይከፍል ወደ ፓሪስ የሚገባ ዕቃ እንዳይኖር ከተማዋን 24 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ግንብ አጥሮ ነበር። ሐሳቡን ያቀረበው ላቯዚዬ ነው። ለእሱ ጉዳዩ እንደ ቤተ ሙከራው የታሸገ ዕቃ ሳይመስለው አልቀረም፤ የሚገባውን ሁሉ መቁጠር። ለፓሪስ ድሃ ግን ዳቦና ማገዶ የሚያስወድድ አጥር ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ፣ በ1788 አዝመራ በከፋ ጊዜ ለብሏ ከተማ እህል መግዣ ያለ ወለድ ገንዘብ ያበደረውም እሱ ነው። ሁለቱን ልቤ ውስጥ ማስታረቅ ይከብደኛል፤ ሁለቱም ግን እውነት ናቸው።

አብዮቱም ሥራ ሰጠው። በፈረንሳይ ያለው ገበያ ሁሉ የየራሱ መስፈሪያ ነበረው፤ ነጋዴው እየቀያየረ ይጫወትበታል። ለሁሉም አንድ መለኪያ እንዲወጣ ሲወሰን ላቯዚዬ ኮሚሽኑ ውስጥ ገባ። በ1793 መጀመሪያ ከአዩዊ ጋር ሆኖ የተወሰነ መጠን ያለው ውሃ በጥንቃቄ መዘነ፤ ኪሎግራም የተነሣው ከዚያ ነው። ዛሬ የጌዴኦ ገበሬ እሸቱን አራግፎ የሚሰቅልባት ኪሎ የእሱ እጅ አለባት። በሚዛን የሚሰርቁ ሰዎች በስማቸው ሱራ የወረደባቸው መሆኑን የምታውቁ ሁሉ ይህ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይጠፋችሁም። ከመቶ ኪሎ እሸት ሁለቱ በሚዛን ቢሰወር በኬሚስትሪም በአኼራም አይጠፋም፤ አንድ ሰው ቤት ገብቷል።

ኪሎውን እየመዘነ ሳለ ዘመኑ ከፋ። በኅዳር 1793 የድርጅቱ አባላት ሁሉ እንዲታሰሩ ታዘዘ። ላቯዚዬና የሚስቱ አባት እጃቸውን ሰጡ። የመለኪያ ኮሚሽኑ እንዲፈታለት ጠይቆ ነበር፤ ተከለከለ። ከክሶቹ አንዱ ድርጅቱ ክብደቱ እንዲጨምር ትንባሆ ላይ ውሃ ይጨምር ነበር የሚል ነው። አስቡት፤ የውሃን ክብደት ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው በውሃ ሚዛን አጭበርብሯል ተብሎ ተከሰሰ። ግንቦት 8 ቀን 1794 ጠዋት ችሎት ቀረቡ፤ በዚያው ቀን 28 ሰዎች ተገደሉ። የሚስቱ አባት ከእሱ ፊት ሄደ። ላቯዚዬ 50 ዓመቱ ነበር።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ፍርዱ በሐሰት የተሰጠ መሆኑ ታመነና ንብረቱ ለማሪ-አን ተመለሰላት። ባሏንና አባቷን በአንድ ቀን ያጣችው ሴት እስር ቤት ሆኖ ያዘጋጃቸውን ጽሑፎች ሰብስባ አሳተመች፤ ለሳይንቲስቶችም አከፋፈለች። እስከ 1836 ኖራለች። ሚዛኖቹ ዛሬም ፓሪስ ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ሳጥን ተቀምጠዋል።

ለተማሪዬ የቤት ሥራ ሰጥቻታለሁ፦ ለሚቀጥለው ጁሙዓ ጥሬ ቡናው ከመቆላቱ በፊትና በኋላ፣ ሚጢጢ ሚዛን ካለው ከባለ ሱቁ ጎረቤታቸው ዘንድ አስመዝና ልትመጣ ነው። የሳቁባትም አብረዋት ይሄዳሉ።